በጆሮ የተወጠረ ራኬት

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሉልሰገድ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። እንዴት እንደሰነበቱ ማወቅ ስለማልፈልግ ተውኩት። የፋሲካ ሰላምታዎን የአውቶቡስ ሹፌሩ እምሩ አድርሶኛል። "እንኳን አብሮ አደረሰን" የሚለውን ለሌላ ሰው ይበሉት።

ደብዳቤዎን ክሊኒክ ውስጥ፣ አንድ ታካሚ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አነበብኩት። ሃያ አንድ ዓመት ትንፍሽ ሳይሉ ኖረው፣ የልጅ ልጅዎን ሜላትን ክርኗን ሲያማት፣ ወይኒ ፊዚዮቴራፒስት ሆናለች ሲባል ሰምተው ጻፉልኝ። ምን ዓይነት ራኬት ልግዛላት፣ ምን ዓይነት ክር ይሻላታል፣ በስንት ኪሎ ልወጥርላት፣ በእጇ ጀርባ በኩል የምትመታውን ባክሃንድ እንዴት ላስተካክል። አራት ጥያቄ ነው። "ያንቺስ ክንድ እንዴት ሆነ?" የሚል አምስተኛ ይኖር ይሆን ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁ።

ስላልጠየቁኝ እኔው ልንገርዎት። ቀኝ እጄ የሞላ ማንቆርቆሪያ አያነሣም። የልጄን ጸጉር የምትሠራላት ጎረቤቴ ናት። ብርድ ሲሆን የሰው ክንድ እያሸሁ የራሴ ይጠዘጥዘኛል፤ ታካሚው እንዳያይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ለናይሮቢው የወጣቶች የቴኒስ ውድድር ለማለፍ አንድ ጨዋታ ነበር የቀረኝ። "ጋሼ፣ ክርኔን እያመመኝ ነው" ብዬ ለአሠልጣኜ ለእርስዎ ብነግር ክለቡ በሙሉ እየሰማ "ሰበበኛ፤ መሸነፍ ፈርታ ነው" አሉኝ። ፈሪ እንዳልሆንኩ ላሳይ ብዬ ገባሁ። በሁለተኛው ዙር ራኬቱ ከእጄ ወደቀ። እርስዎም ለኮሚቴው ሆን ብላ ነው የጣለችው አሉ። ከዚያ በኋላ ከፒያሳ አምስት ኪሎ ድረስ በእግሬ ስሄድ የሰፈር ልጆች ክርናቸውን ይዘው "ዋይ፣ ዋይ" ይሉኝ ነበር። እናቴ ሳትቀር አንድ ቀን "እውነት ግን ያምሽ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። እሷን ይቅር ብያታለሁ። እርስዎን ግን አላልኩም።

የጠየቁኝን አራቱንም አውቃቸዋለሁ። አሁን አልነግርዎትም። መጀመሪያ እርስዎ ይመልሱልኝ፦ የዚያን ጊዜውን ራኬቴን ለምን እንደዚያ አድርገው ወጠሩት? አንዷ ጓደኛዬ አንድ ኳስ መትታበት "ይሄ እኮ ጣውላ ነው" ብላ መለሰችልኝ። ለምን እንደሆነ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

እስከዚያ ድረስ ሜላት አንዲት ኳስ እንዳትመታ። ይህን ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ወይኒ


ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወይኒ፤

የጊዮርጊስ አምላክ ጤናሽን ይስጥልኝ። ትናንት የንግሥ በዓል ነበር፤ ሰው ለሰው ተጨናንቆ መቆሚያ አልነበረም። ስምሽን ጠርቼ ጸልዬልሻለሁ። ተቆጥተሽ በመጻፍሽ አልተቀየምኩም። ባትጽፊልኝ ነበር የሚከፋው።

ክንድሽን አለመጠየቄ ጥፋት ነው። ሽማግሌ ሲጨንቀው ወጉንም ይረሳል። የማንቆርቆሪያውን ነገር ሳነብ አዘንኩ።

ለምን ወጠርከው ላልሺኝ፣ ወይኒዬ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ እኮ። አገራችን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ቢሆን መስመር ውስጥ የምታርፍ ኳስ እዚህ አጥር ዘላ ትሄዳለች። እሷን ለማውረድ ሁላችንም ክር እናጠብቅ ነበር። የአወጣጠሩም ዘዴ አሮጌው ጌታዬ ያስተማረኝ ነው፦ ክሩን ቀዳዳው ላይ በወስፌ ያዝ፣ ዱላ ላይ ጠቅልለህ በሰውነትህ ክብደት ጎትት፣ በጥፍርህ ምታው፣ እንደ ክራር ሲጮህልህ ቋጥረው። ማሽን አልነበረንም፤ ጆሮ ነበረን። በዚህ ጆሮ የአንድ ትውልድ ራኬት ወጥሬያለሁ። የክለቡ ሽማግሌዎች በሙሉ የሚያስወጥሩት እኔ ዘንድ ነበር፤ አንዳቸውም ክንዴን አመመኝ ብለው አያውቁም። እስቲ እሱንም አስቢው።

ያም ሆነ ይህ፣ ያለፈው አልፏል። ይቅርታ ከተባለም ይቅርታ።

አሁን የሜላትን ነገር ልንገርሽ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ሰኔ 22 ማጣሪያ አላት፤ ካለፈች ናይሮቢ ትሄዳለች። እግሯ የአንቺኑ ያህል ቀልጣፋ ነው። ግን ሰሞኑን የበር እጀታ በግራ እጇ ነው የምትከፍተው። የደብተር ቦርሳዋን ስታነሣ ፊቷን ታዞርብኛለች። ሲያማት እንዳላያት ነው። ሱቄ ከፈረሰ ወዲህ የምወጥረው ቤቴ ውስጥ ነው፤ የሷን ግን ከሁሉ ለይቼ በጥንቃቄ ነው የወጠርኩት።

አሳርፋት ያልሺኝን ሁለት ቀን አሳረፍኳት። ማጣሪያው እየደረሰ ስለሆነ ከትናንት በስቲያ ቀስ እያለች እንድትሞክር ፈቀድኩላት። አንቺ ኪሎውን ብቻ ንገሪኝ። ሌላው ይቅር።

ጋሼሽ ሉልሰገድ


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

ልጄ አይበሉኝ። ወይኒዬም አይበሉኝ።

"ይቅርታ ከተባለም ይቅርታ" ብለው ጽፈዋል። ማን እንዲልልዎ ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እርስዎ ደግሞ ረስተው ቢሆን ይሻል ነበር፤ አልረሱም፣ ዙሪያውን ነው የሚዞሩት። ደጋነቱ ለሁላችንም ነበር። የሀብታም ልጆች ውጭ አስወጥረው ያመጡ ነበር፤ እርስዎ ዘንድ የምናስወጥረው እኛ ነበርን። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ክንዳችንን ይዘን ከሜዳ እንደቀረን ያውቃሉ? ከእኔ ሌላ ሦስት አውቃለሁ። እነሱም ሰበበኞች ነበሩ?

አሳርፏት ብዬ ሁለት ቀን አሳረፏት። ይህች ልጅ የእርስዎ ደም ናት፤ እኔ ባዕድ ሆኜ እንዴት ከእርስዎ ይብስብኛል?

ሜላት ክንዷን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ታች ገልብጣ፣ ወንበር በመደገፊያው ይዛ ለማንሣት ትሞክር። ክርኗን በውጭ በኩል ካመማት የተጎዳው ጅማቷ ነው። የተጎዳ ጅማት "ቀስ ብሎ መሞከር" አያውቅም።

አሁን ወደ እርስዎ። ቤትዎ አሮጌ ራኬት አይጠፋም። ልክ የእኔን እንደወጠሩት አድርገው ይወጥሩት። ከዚያ በየማለዳው ከክለቡ ጀርባ ያለው ግድግዳ ዘንድ ይሂዱና አንድ ሰዓት ሙሉ ይምቱ። ባክሃንድ ብቻ። በአንድ እጅ። አሥር ቀን። እርስዎ በሚመቱበት አሥር ቀን ሜላት ራኬት አትነካም፤ ከነካች ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው። አሥሩ ቀን ሲሞላ በዚያው በቀኝ እጅዎ ይጻፉልኝ። ለሌላ ሰው አያስጽፉ፤ የእጅ ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ።

ሰባ አራት ዓመትዎ መሆኑን አልዘነጋሁም። እርስዎም አሥራ ሰባት ዓመቴ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ወይኒ


ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይኒ፤

ፊደሌ እንዲህ በመንጋደዱ አትፍረጂብኝ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ትንሽ እጽፍና አሳርፈዋለሁ።

ያልሺውን አድርጌያለሁ። ግድግዳው ያው ነው፤ አልፈረሰም። በመጀመሪያው ቀን ክለቡ በር ላይ የሚቀመጡት "ጋሽ ሉል፣ ናይሮቢ ሊሄዱ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቢፈልጉኝ ነው አልኩና ሳቅኩ። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቀረ። በአምስተኛው ቀን የቤቴን ቁልፍ ማዞር አቃተኝ፤ በር ላይ ቆሜ ሜላት ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ጠበቅኩ። በሰባተኛው ቀን ጊዮርጊስ ልሳለም ገብቼ ሳማትብ እጄ ከግንባሬ ወርዶ ደረቴ ላይ ቀረ። ወደ ትከሻዬ አልሄድ አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ አዩኝ፤ ሰክሯል ብለው ይሆናል።

በማግስቱ ሜላት የሸሚዜን ቁልፍ ስትቆልፍልኝ "አባባ፣ እርስዎንም ያምዎታል?" አለችኝ። ምንም አያመኝም አልኳት። ካልኩ በኋላ አፈርኩ። እሷም ለእኔ ሁልጊዜ የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ደጋው ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ምክንያቱ ጆሮዬ ነው። ከማጣሪያሽ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐኪም ቀጭን ድምፅ አትሰማም፣ እያደርም ይብስብሃል ብሎኛል። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩም። በጆሮው የሚወጥር ሰው ጆሮ የለኝም ቢል ማን ራኬቱን ይሰጠዋል? ክሩ ድሮ በሚጮህበት ቦታ አልጮህ ሲለኝ ጎተትኩት። ከርሞ ደግሞ ከዚያም በላይ ጎተትኩት። ያንቺን፣ ለማጣሪያው ነው ብዬ፣ በደንብ እስክሰማው ድረስ ጎተትኩት። ስንት ኪሎ እንደደረሰ እኔም አላውቅም።

ክርኔን አመመኝ ያልሺኝ ጊዜ ወዲያው ገባኝ። እዚያው እንደቆምኩ ገባኝ። አመማት ከተባለ ሰው ራኬቱን ያያል፤ ራኬቱን ካየ እኔን ይጠይቀኛል። ስለዚህ ሰበበኛ ነሽ አልኩሽ። ተሳስቼ አይደለም ወይኒ፣ አውቄ ነው።

ስልክ የማልደውልልሽም ለዚህ ነው። ድምፅሽን አልሰማውም።

የሜላትንም የወጠርኩት እኔ ነኝ።

ሉልሰገድ


ሐዋሳ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሲያማትቡ እጅዎ ደረትዎ ላይ ቀረ የሚለው ጋ ስደርስ ደስ አለኝ። ኃጢአት ከሆነ የእኔ ነው። የምነግርዎት ልቧ ራራ ብለው እንዳይሞኙ ነው።

ሌላም ልንገርዎት። መጀመሪያ የጻፍኩልዎት መልስ የደረሰዎ አይደለም። ከሱ በፊት ሌላ ጽፌ ነበር። "ጋሼ ውዴ" ብዬ ጀምሬ፣ ፖሊስተር ክር ይግዙላት፣ ሠላሳ ኪሎ ይወጥሩት፣ ያገኙትን በጣም ቀላል ራኬት ይስጧት፣ ሕመሙን በልምምድ ታልፈዋለች ብዬ ጽፌልዎት ነበር። እርስዎም ያምኑኝ ነበር። ክንዷ ማጣሪያውን ሳያይ ያልቅ ነበር፤ እርስዎም የእናቴን ቦታ ይዘው ያዩት ነበር። ፖስታውን አሸግኩት። ከዚያ ተራዋ የደረሰ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ክንዷን ደግፋ ገባች። ሸሚዟን መጠቅለል አቅቷት እኔ ጠቀለልኩላት። እሷ ስትወጣ ደብዳቤውን ቀደድኩት። እርስዎ እንዲያውቁት ያህል ነው፤ ለእርስዎ ብዬ አልቀደድኩትም።

ቀጥሎ ያለው ለሜላት ነው።

ሜላት፤ አላውቅሽም፤ ክንድሽን ግን አውቀዋለሁ። ቀላል ራኬት ክንድ ያሳርፋል የሚሉሽን አትስሚ። ራኬቱ በጣም ከቀለለ ኳሷ ትገፋዋለች፤ ግፊቱ ክርንሽ ላይ ያርፋል። ሦስት መቶ ግራም አካባቢ የሆነ፣ ክብደቱ ወደ እጀታው ያደላ፣ ግትር ያልሆነ ፈልጊ። እጀታውን ስትጨብጪ በጣቶችሽ ጫፍና በመዳፍሽ መካከል የሌላው እጅሽ አንድ ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ቀጥኖብሻል፤ ቀጭን እጀታ ይዘሽ ስትጨመድጂው ትውያለሽ። ክሩ ፖሊስተር አይሁን። ለስላሳ ናይለን ይሁን፤ ብታገኚማ ከከብት አንጀት የተሠራው ክር ይሻላል። ሃያ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ አይለፍ። ኳሷ ትበርብኛለች ትያለሽ። ክር አጥብቀሽ አታወርጃትም፤ ከሥር ወደ ላይ እየቦረሽሽ አሽከርክሪያት፣ ራሷ ትወርዳለች። ባክሃንድ ስትመቺ ክርንሽ ቀድሞ ከወጣ ሕመምሽ የሚመጣው ከዚያ ነው። ትከሻሽን አዙሪ፣ ኳሷ አልፋሽ ሳትሄድ ከፊትሽ ምቻት፣ በሁለት እጅሽ ይሁን። ደግሞ ክረምት እየገባ ነው፤ ዝናብ የጠጣ ኳስ ድንጋይ ነውና አትንኪው። ማጣሪያው ላይ መግባት አለመግባትሽን አንቺ ትወስኛለሽ። እኔ ብሆን አልገባም። ናይሮቢ ለከርሞም አለች፤ ክንድ ግን ከሄደ አይመለስም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ከእንግዲህ የሷን ራኬት አይወጥሩም። አምስት ኪሎ ሰፈር ኢዩኤል የሚባል ልጅ ኪሎውን በቁጥር የሚያሳይ ማሽን አለው፣ እሱ ይወጥርላት። የእርስዎን ደብዳቤዎች በዚህ ፖስታ መልሻቸዋለሁ። የእኔንም የእርስዎንም አንድ ሳያስቀሩ ለሜላት ይስጧት፣ ታንብብ። ሰኔ 22፣ ክለቡ ሰው ሲሞላ፣ ሰበበኛ ባሉኝ ቦታ ላይ፣ የዳኛው ወንበር ሥር ቆመው ሁሉንም ይናገራሉ። ጆሮዎንም ጭምር።

ወይኒ


ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይኒ፤

ደብዳቤዎቹን ሰጠኋት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበቻቸው። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ እያጠብኩ ነበር። ስትጨርስ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ወይኒ ስታቆም ዕድሜዋ ስንት ነበር አለችኝ። አሥራ ሰባት አልኳት። ራኬቶቿን ሰብስባ አምስት ኪሎ ብቻዋን ሄደች።

ኢዩኤል በመሣሪያ ለካላት። እኔ ሃያ አራት ኪሎ አድርጌዋለሁ ብዬ ስምልበት የነበረው ሠላሳ አንድ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ምሳዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ምሳውን አልበላሁም። ክሩን በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። ሃያ አንድ ኪሎ ሆኖ ነው የመጣው። በእጄ ስነካው ሻሽ መሰለኝ፤ እሷ ግን ሁለት ኳስ በቀስታ ሞክራበት "አይነዝረኝም" ብላለች። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ እያረፈች ነው።

ሁልጊዜ ጮክ ብላ ነበር የምታናግረኝ። የልጅ ጠባይ፣ የፒያሳ ልጅ ጠባይ ነው እል ነበር። ለካ ታውቅ ኖሯል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። በማጣሪያው ቀን ተናገር ያልሺኝን በጽሑፍ ላድርገው። ለኮሚቴው ደብዳቤ ልጻፍ፣ ማኅተም ይምቱበትና ለአንቺ ልላክ። እዚህ ሰፈር ሰባ አራት ዓመት በስሜ ነው የኖርኩት። ሱቁ ፈረሰ፣ ባለቤቴም ልጄም የሉም። ጋሽ ሉል ሲያልፍ ሰው ብድግ ይላል። ስሜን ብቻ ተዪልኝ።

ሉልሰገድ


ሐዋሳ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

እኔም ስም ነበረኝ።

ወይኒ


ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይኒ፤

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሜላት ናት። በእምሩ አውቶቡስ ነው የምትመጣው። እንዳልጠየቅሁሽ አውቃለሁ። የሆነውን ከሰማሽ በኋላ ትመልሻት ይሆናል፣ አትመልሻትም ይሆናል፤ እሷ ግን አንቺ ዘንድ ካልሆነ የትም አልሄድም ብላለች። ትምህርቷን ጨርሳለች፣ ክረምቱ የሷ ነው።

ትናንት ያልሺው ቦታ ቆምኩ። የድሮዎቹ በሙሉ ነበሩ፤ ማጣሪያ ሲኖር ማንም አይቀርም። ጆሮዬን ነገርኳቸው። ያንቺን ራኬት እንዴት እንደወጠርኩ፣ ከዚያም ለምን ሰበበኛ እንዳልኩሽ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ድምፄ ምን ያህል እንደነበር አላውቅም፤ ሜላት ዳር ድረስ ይሰማ ነበር ብላኛለች።

 እኔ ይሰድቡኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ያኔ የክለቡ ጸሐፊ የነበረው ገብረክርስቶስ፣ ታስታውሺዋለሽ፣ መጣና ትከሻዬን ይዞ በሚሻለው ጆሮዬ በኩል "ሉሌ፣ እኛ እኮ እናውቅ ነበር" አለኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር ወይኒ። ከኋላዬ ሲጠሩኝ እንደማልዞር ካዩ ጀምሮ። እንዳይከፋህ ብለን፣ ፊት ለፊት መንገር ከበደን፣ ይሉኝታ ያዘን አለኝ። ራኬታቸውን እኔ ዘንድ ያመጡ የነበረው ቅር እንዳይለኝ ነው። እጅህ ይባረክ ብለው ይቀበሉኝና እዚያው ቀን ውቤ በረሃ ሌላ ወጣሪ ዘንድ ወስደው ያስቆርጡታል፣ እንደገና ያስወጥሩታል። ያን ሁሉ ዓመት። እኔ ሽማግሌዎቹን ክንዳቸውን አላመማቸውም ብዬ ስመካብሽ የነበረው በዚያ ነው።

የወይኒንስ አልኩት። የልጅቷንስ ራኬት ለምን ዝም አላችሁ? አየኝና፣ አሠልጣኟ አንተ፣ እኛ ምን ብለን በመካከል እንገባለን አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለእኔ አዝነው ነው።

ይህን ሁሉ ሜላት ሰምታለች፤ ሜዳው ላይ ቆማ ነበር። ስሟ ተጠርቶ ተጋጣሚዋ ወጥታለች። ራኬቷን ቦርሳው ውስጥ ከትታ ዘጋችና ወደ ዳኛው ሄደች። ያለችውን ቃል በቃል አስጽፌያታለሁ፤ እነሆ፦ "ክርኔን ያመኛል፤ አልጫወትም። ሰበብ ነው የሚል ሰው ካለ አሁን ይናገር።"

 መጥታ እጄን ያዘችና ወጣን። በግራ እጇ ነው የያዘችኝ፤ የእኔንም የግራውን።

ሉልሰገድ


ሐዋሳ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሉልሰገድ፤

ሜላት በሰላም ገብታለች። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ይተኛሉ። ስትመጣ ርቧት ነበር፤ መንገድ ላይ ምንም አልበላችም።

ክንዷን አይቼዋለሁ። ጅማቷ ደክሟል እንጂ አልተበጠሰም። ግማሽ ኪሎ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አስይዣት፣ አንጓዋን ወደ ላይ በግራ እጇ እያነሣች በቀኟ ብቻዋን ቀስ እያለች ታወርደዋለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ። መስከረም ላይ ራኬት ትይዛለች። ኅዳር ላይ ትጫወታለች። ከርሞ ናይሮቢ ብትሄድ አይገርመኝም። ክንዷ ይድናል፤ ይህን በእርግጠኝነት ልነግርዎት እችላለሁ። ይህን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ሳይሆን እሷ ጻፊለት ስላለችኝ ነው።

እስክጠራዎት ሊያይዋት አይምጡ። ላልጠራዎትም እችላለሁ። የእርስዎ ክንድ ካልተሻለው ያንኑ ጠርሙስ ይሞክሩ።

ይቅር ብዬዎታለሁ ወይ ብለው እንዳይጠይቁኝ። አላልኩም። ግን አንድ ነገር ሆነብኝ። ሃያ አንድ ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነበር የምጠላው፤ አንድ ሰው መጥላት ይቀላል። ማታ ሲተኙም ጠዋት ሲነሡም አንድ ፊት ነው የሚመጣው። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ የእርስዎ ፊት አልመጣልኝ አለ። የመጣብኝ ጋሽ ገብረክርስቶስ ነው። ራኬቱ ከእጄ በወደቀ በሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጥቶ ነበር። እናቴ ወንበር አቅርባለት፣ ጉልበቱን እየደባበሰ "አይዞሽ፣ ልብሽን አጠንክሪ፣ ሁለተኛ ፍርሃት እንዳያሸንፍሽ" አለኝ። የራሱን ራኬት ውቤ በረሃ አስቆርጦ በማግስቱ ይሆናል የመጣው። እናቴም እሱ ከሄደ በኋላ ነው እውነት ግን ያምሽ ነበር ብላ የጠየቀችኝ።

አሁን ደግሞ እናውቅ ነበር ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እርስዎ ፈርተው ዋሹ። እነሱ ምን ይፈሩ ነበር? እርስዎ እንዳይከፋዎት እኔ ክንዴን አጣሁ። እርስዎስ ቢከፋዎት ምን ነበር? አንድ ቀን ተከፍተው ይውሉ ነበር፤ ከዚያ ማሽን ይገዙ ነበር።

ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ነገር አዝዝዎታለሁ። ሰበበኛ ባሉኝ ዕለት ክለቡ ውስጥ የነበሩትን፣ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሁሉ፣ ሙሉ ስማቸውን ከነመኖሪያቸው ጽፈው ይላኩልኝ። አንድ ሰው እንዳይዘሉ፤ ወዳጅ ነው፣ አርጅቷል፣ ታሟል ብለው እንዳያልፉብኝ። ለእያንዳንዳቸው እጽፋለሁ። ጊዜ አለኝ።

ከገብረክርስቶስ ይጀምሩ።

ወይኒ